ፉርጎን በምን እንጎትት? ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ ላሉ ግቢዎች የጎታች መምረጫ

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በላዩ የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ 25 ኪሎ ቮልት ይይዛል። አንድ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ከእንዲህ ያለ መስመር የራሱን ቅርንጫፍ ሐዲድ ወደ ግቢው ሲያስገባ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ ዋናው ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን በር ላይ ትቶ ሲመለስ እስከ ማራገፊያው ማን ያደርሳቸዋል? የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሽቦ የሌለበት ሐዲድ ላይ አይሠራም። ክሬንና ሪችስታከር ኮንቴይነር በሚያነሱበት ቦታ ላይ ደግሞ ሽቦ መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ ግቢው የራሱ ጎታች ያስፈልገዋል።

ሻጭ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ቁጥር «ይህን ያህል ቶን ይጎትታል» የሚለውን ነው። ያ ቁጥር የተሰላው ለሜዳ፣ ለደረቅና ለቀጥተኛ ሐዲድ ነው። የእርስዎ ግቢ ሦስቱንም ላያሟላ ይችላል። በእኛ እምነት ምርጫውን መወሰን ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጎታቹ በእርጥብ ሐዲድ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ እና የጎተተውን በቁልቁለት ላይ ማቆም መቻሉ።

መጀመሪያ ሐዲዱን ይለኩ

የሐዲድ ተዳፋት በዓይን አይገመትም። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሹፌር 0.5 በመቶ ተዳፋት ያለውን ሐዲድ ቢያይ «ይሄማ ሜዳ ነው» ይላል፤ በ100 ሜትር የሚወርደው ግማሽ ሜትር ብቻ ነውና። ለፉርጎ ግን ሜዳ አይደለም። ፉርጎ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በሜዳ ላይ ለመንከባለል የሚበቃው በቶን 2 ኪሎ ተኩል ያህል ጉልበት ነው። 1 በመቶ ተዳፋት ደግሞ በቶን 10 ኪሎ ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ 0.25 በመቶ ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ። ከዚያ ካለፈ ፍሬኑ የተለቀቀ ፉርጎ ትንሽ ከተነቃነቀ በራሱ ይሄዳል። ፉርጎ ተፈትቶ የሚቆምበት ሐዲድ ከዚህ በላይ ተዳፋት እንዳይኖረው የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ቀያሽ ማስመጣት ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ግምት ግን ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት፣ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል። 20 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ላይ ከሐዲዱ ራስ እስከ ውሃው ወለል ይለኩ። ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 0.25 በመቶ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.5 በመቶ ነው። ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሁ እየከፋፈሉ ይለኩ፤ አማካዩ ሜዳ ሆኖ መሀሉ የጎደጎደ ሐዲድ ብዙ ነው። ዋልካ አፈር ላይ የተነጠፈ ሐዲድ ክረምት ሲወጣ ሰምጦ ሊገኝ ስለሚችል መስከረም ላይ ልኬቱን ይድገሙት።

አሁን ወደ ስሌቱ። እያንዳንዳቸው ከነጭነታቸው 80 ቶን የሚመዝኑ ስድስት ፉርጎዎች አሉን እንበል፤ 480 ቶን ነው። የቆመ ፉርጎ ለማስነሳት በቶን 8 ኪሎ ያህል ይያዝ። ሐዲዱ 0.5 በመቶ ዳገት ካለው 5 ኪሎ ይጨመራል። ኩርባው 150 ሜትር ራዲየስ ከሆነ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይጨምራል፤ 4 ብለን እንያዘው። ድምሩ በቶን 17 ኪሎ ይሆናል። 17 በ480 ሲባዛ 8,160 ኪሎ የመጎተት ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በፉርጎዎቹ ማያያዣዎች መካከል ላላነት ስላለ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል፤ ይህም ሥራውን ያቀላል። ነገር ግን ዳገት ላይ የቆመ ባቡር ተወጥሮ ስለሚቆም በዚህ ላላነት ተማምኖ ጎታች መግዛት አይገባም።

ብረት በብረት ላይ፣ ጎማ በብረት ላይ

የብረት እግር፣ ማለትም ሐዲድ ላይ የሚሽከረከረው የብረት መንኮራኩር፣ በደረቅ ሐዲድ ላይ የክብደቱን ሩብ ያህል ወደ ጉልበት ይለውጣል። በእርጥብ ሐዲድ ላይ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አሸዋ ሲረጭለት ወደ 22 በመቶ ያህል ይመለሳል። ጎማ በደረቅ ሐዲድ ላይ 60 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ሲረጥብ 30 በመቶ ይያዝለት።

ለዚያው 8,160 ኪሎ፦ በእርጥብ ሐዲድ ላይ ያለ አሸዋ የሚሄድ ባለ ብረት እግር ጎታች 54 ቶን መመዘን አለበት፤ አሸዋ ከረጨ 37 ቶን ይበቃዋል። በጎማ የሚገፋ ከሆነ በእርጥብ 27 ቶን፣ በደረቅ ደግሞ 14 ቶን ገደማ። ካታሎጉ ላይ «1,000 ቶን» የተባለው 14 ቶን የሚመዝን መኪና ሐምሌ ላይ ስድስት ፉርጎ ይዞ ዳገት ላይ ጎማው የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ ያስገዛው ቁጥር የሌላ ሐዲድ ቁጥር ነበር።

ወሎ ውስጥ ዝናብ በክረምት ብቻ አይመጣም፤ በልግም አለ። ከዶፍ ይልቅ የሚያስቸግረው ካፊያ ነው። ዶፍ ሐዲዱን ያጥበዋል። ካፊያ ግን የተቀመጠውን አቧራ፣ የዘይት ጠብታና ዝገት አቡክቶ ቀጭን ጭቃ ያደርገዋል፤ ሐዲዱም ከሁሉ ጊዜ በላይ ያዳልጣል። በልግ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ላይ የሚጎተተውን የፉርጎ ቁጥር በግማሽ መቀነስ ተገቢ ነው። አሸዋውም ደረቅና የተነፋ መሆን አለበት። እርጥብ አሸዋ ቱቦው ውስጥ ይጋገርና አስፈላጊው ሰዓት ላይ አይወርድም።

ኮምቦልቻ ከባህር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 18 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም። ለፍሬን አየር የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ግን ቱርቦ ስለሌለው እሱም ይዘገያል። ለዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ማቆም

እነዚያ 480 ቶን 0.5 በመቶ ቁልቁለት ላይ 2,400 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ወደ ታች ይገፋሉ። የጎታቹ የራሱ ፍሬን 4,000 ኪሎ ይይዛል እንበል። የፉርጎዎቹ የአየር ፍሬን ካልተያያዘ፣ የመንከባለሉን ተቃውሞ ለጥንቃቄ ሳንቆጥር፣ ለማቆም የቀረው 1,600 ኪሎ ብቻ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ለመቆም 30 ሜትር ያህል ይፈጃል። 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ወደ 118 ሜትር ይደርሳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ሐዲዱ ከረጠበ የጎታቹ ፍሬን ራሱ 4,000 ኪሎ ላይይዝ ይችላል። ወደ 2,400 ከወረደ በዚህ ስሌት መቆም የለም።

ስለዚህ ከሁለት ፉርጎ በላይ ለሚጎትት ወይም ተዳፋት ላለበት ግቢ የፉርጎዎቹን የአየር ፍሬን የማይሞላና የማይቆጣጠር ጎታች ከዝርዝር ይውጣ። ዋጋው ቢረክስም ይውጣ። ብዙ ጎታቾች ይህ መሣሪያ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ነው የሚሸጥላቸው፤ ለብቻው ተከፍሎ ይገጠማል። ዋጋ ሲያወዳድሩ ሁለቱም ከነመሣሪያው መሆናቸውን ያረጋግጡ።

አየሩን ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? በአንድ ፉርጎ 80 ሊትር ብንይዝ ስድስቱ 480 ሊትር ናቸው፤ ወደ 5 ባር ለማድረስ 2,400 ሊትር አየር ይፈለጋል። በደቂቃ 300 ሊትር የሚስብ የመኪና ኮምፕሬሰር በባህር ዳርቻ በ8 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ወደ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ይህን ያላወቀ ኃላፊ ሠራተኛውን ያጣድፋል። የተጣደፈ ሠራተኛ ደግሞ የፉርጎዎቹን አየር ከነታንካቸው አውጥቶ ያለ ፍሬን መጎተት ይጀምራል። ትልቅ ኮምፕሬሰር መግዛት ከዚህ ያድናል።

ከሞላ በኋላ ቱቦው በአንድ ደቂቃ ከ0.2 ባር በላይ ማፍሰስ የለበትም። ቀጥሎ የቱቦው ግፊት በግማሽ ባር ይቀነስና (ፍሬኑ የሚይዘው ይህ ግፊት ሲወርድ ነው) ረዳቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየሄደ የፍሬን ጫማው እግሩን መያዙን ያያል። ከዚያ ይለቀቅና ሁሉም መልቀቁን እንደገና ያያል። ያልለቀቀ ፍሬን እግሩን በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

አማራጮቹ

ሎደር ወይም ትራክተር። ግቢ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ እጅ ቶሎ ወደሱ ይሄዳል። የሎደር ባልዲ ፉርጎን የሚገፋው ከመሀል ውጭ ነው፤ ማያያዣውን ያጣምማል፤ ከገፋው በኋላም ማቆሚያ የለውም። ከሐዲዱ ጎን ሆኖ በሰንሰለት የሚጎትት ትራክተር የባሰ ነው። ሰንሰለቱ አግድም ስለሚስብ የፉርጎው እግር ሐዲዱን ሊወጣ ይችላል፤ ፉርጎው ፍጥነት ካገኘ ደግሞ ትራክተሩን ራሱን ይጎትተዋል። ይህን እንደ አማራጭ አንቆጥረውም።

ዊንች፣ ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ ማሽን። ከአንድ እስከ ሦስት ፉርጎ በአንድ ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ብቻ እየተነሳ ለሚራገፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ እህል ወይም ሲሚንቶ በአንድ ጉድጓድ ላይ ለሚገለበጥበት፣ ርካሽና በቂ ነው። ሐዲዱ ሜዳ መሆን አለበት። ገመዱ ቢበጠስ የሚመታበትን ቦታ በሙሉ አጥሮ ሰው ማራቅ የግድ ነው። ፉርጎው ላይ በእጅ ፍሬን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ አይሠራበትም።

በእግር እየተከተሉ የሚነዱት ባለ ባትሪ ገፊ። ትንሽ ነው፤ በሪሞት ይታዘዛል፤ መጋዘን ውስጥ ጭስ የለውም፤ ከፍታም አያደክመውም። ለጥቂት ፉርጎ በሜዳ ላይ ይበቃል። ድክመቱ ክብደቱ ማነሱ ነው፤ በእርጥብ ሐዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ባትሪው ለሁለት ፈረቃ የሚበቃ ይሁን።

የጭነት መኪና ላይ የተሠራ ጎታች። እንደ መርሴዲስ ኡኒሞግ ያለ መኪና የፊትና የኋላ መምሪያ የብረት እግር ተገጥሞለት፣ የሚገፋው ግን በራሱ ጎማ ነው። ጥቅሙ በመንገድ ላይ እንደ ማንኛውም መኪና መሄዱ ነው፤ የግቢው ሁለት ጫፎች ቢራራቁ ወይም ሁለት ድርጅቶች ቢጋሩት ተስማሚ ነው። ፉርጎ በሌለበት ቀን ውሃ ቦቴ ይጎትታል፤ ሐዲድ ያጸዳል። ሜካኒኩም መኪና የሚያውቅ ሜካኒክ ነው፤ ይህ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከመምሪያው እግር ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ እግሩ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ይስታል። ከበዛ ደግሞ መኪናውን ያነሳና ጎማው ላይ ክብደት ስለማይቀር መንሸራተት ይጀምራል። ኦፕሬተሩ «ጎማው አለቀ» ብሎ ጎማ ያስቀይራል፤ ችግሩ ግን ሃይድሮሊኩ ላይ ነው። የጎማው ነፋስም በመመሪያው ልክ መሆን አለበት፤ አራቱ ከተለያዩ ጭነቱ ከአንድ መምሪያ ወደ ሌላው ይዛባል። ሌላው፣ ካምቢዮው ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፍ) ይኑረው። በፍሪሲዮን ብቻ 300 ቶን የሚያስነሳ ሰው ፍሪሲዮኑን በጥቂት ወር ይጨርሰዋል።

ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ጎታች። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጎማ ይገፋል፤ ከባድ ነው፤ በእርጥብም ይይዛል፤ ጎማውን ግን ሐዲዱ መሀል መሀሉን ስለሚበላው የጎማ በጀት ይያዝለት። ሁለተኛው፣ እንደ ትራክሞባይል ያለው፣ ሐዲድ ላይ በብረት እግር ይሄዳል። ማያያዣው በሃይድሮሊክ የፉርጎውን አንገት ሽቅብ እየገፋ ከፉርጎው ክብደት ከፊሉን ወደ ራሱ ያዞራል። 20 ቶን የማይሞላ ተሽከርካሪ የራሱ ክብደት ከሚፈቅደው በላይ የሚጎትተው በዚህ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ የሚሠራው አጠገቡ ያለው ፉርጎ ጭነት ሲኖረው ነው። ባዶ ፉርጎ የሚያበድረው ክብደት ብዙም የለውም። እንዲያውም ባዶውን አብዝተው ቢያነሱት የፉርጎው አካል ከቦጊው (እግሮቹን ከያዘው ጋሪ) መቀመጫ ይላቀቅና ከሐዲድ ይወጣል። ስለዚህ ባዶና ሙሉ ሲቀላቀል ሙሉው ከጎታቹ ቀጥሎ ይሰለፍ። ፉርጎዎችዎ በብዛት ባዶ ሆነው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ በጎማ የሚገፋውን ይምረጡ።

ትንሽ ሎኮሞቲቭ። በቀን በርካታ ጊዜ ከአሥር ፉርጎ በላይ የሚመላለስበት ግቢ፣ ወይም ለብዙ ፋብሪካዎች የሚያገለግል ደረቅ ወደብ ከሆነ ከዚህ ሌላ አይበቃም። ከሐዲድ አይወርድም፤ በሁለት ፉርጎ መሀል ከተዘጋበት ዞሮ መውጫ የለውም። ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ግን ከሥራው በላይ ነው።

ከመክፈል በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱ

ያገለገለ ጎታች ከውጭ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለካው ስፋቱን ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሱዳኑ 1,067 ነው፤ የሩሲያው 1,520 ነው። ከእነዚህ ለአንዱ የተሠራ መሣሪያ 1,435 ላይ አይወጣም፤ ማስቀየርም ከመኪናው ግማሽ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሁለቱን የብረት እግሮች የውስጥ ለውስጥ ርቀት እግሩን እያዞሩ በሦስት ቦታ ይለኩ፤ በቻይና ሥራ 1,353፣ በአውሮፓ ሥራ 1,360 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ ልኬቶች ከተለያዩ አክስሉ ታጥፏል።

ቀጥሎ ማያያዣው። ብዙ የአውሮፓ ጎታቾች በመንጠቆና በሁለት መጋጫ ይመጣሉ፤ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚሄዱት የቻይና ፉርጎዎች ግን እንደ ሁለት እጅ የሚቆላለፍ አውቶማቲክ ጋንቾ አላቸው። የቻይናው ጋንቾ መሀሉ ከሐዲድ ራስ 880 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ፉርጎ ሲጫን ስፕሪንጉ ስለሚወርድ የጎታቹ ጋንቾ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። የአየር ቱቦው ጫፍም መግጠሙን በዓይንዎ ይዩ።

ከዚያ መምሪያው እግር ወርዶ የሚቆለፍበትን ፒን ያውልቁና ይዩት። የተበላ ወይም በብሎን የተተካ ፒን ካለ፣ ሃይድሮሊኩ ሲያፈስ እግሩ ሐዲድ ላይ እያለ ይነሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ተሽከርካሪው ሐዲድ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቁም፤ እግሩ ከተነሳ ሲሊንደሩ ወይም ባልቦላው ያፈሳል።

ሐዲድ ላይ መውጣት

የመውጫ ቦታው ከሐዲዱ ራስ እኩል በኮንክሪት የተሞላ፣ ለአንድ መኪና 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይሁን፤ የእግሩ ከንፈር (ወጣ ያለው ጠርዝ) የሚገባበት ክፍተትም በጠጠር አለመደፈኑ በየጠዋቱ ይታይ። በጠባብ መውጫ ላይ ሹፌሩ አሥር ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ በዚህም ጎማ ያልቃል።

1. መኪናው ከሐዲዱ ጋር ቀጥ ይበል፤ መሪው መሀል ላይ ይሁን።
2. አንደኛው ጫፍ እግሩን ያውርድ። ረዳቱ ዝቅ ብሎ በግራም በቀኝም ከንፈሩ ከሐዲዱ ውስጥ ጎን መቀመጡን ይይ።
3. ሁለተኛው ጫፍ እንዲሁ።
4. ፒኖቹ ይቆለፉ፤ መሪውም ይቆለፍ።
5. አንድ መኪና ርዝመት ያህል በዝግታ ይሂድና ይቁም፤ ፍሬን ይሞከር፤ ረዳቱ አራቱንም እግር እንደገና ይይ።

አምስተኛው ደረጃ ነው የሚዘለለው፤ ከሐዲድ መውጣትም በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ነው የሚመጣው።

ፉርጎ ጋ ሲጠጉ ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ይነስ። ከተያያዘ በኋላ ወደ ኋላ ትንሽ ተስቦ መቆለፉ ይፈተን። ረዳቱ በሁለት ፉርጎ መሀል የሚገባው ጎታቹ ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ ኦፕሬተሩ በሬዲዮ «ግባ» ካለው በኋላ ብቻ ነው። ሬዲዮው ከተቋረጠ ኦፕሬተሩ ወዲያው ይቁም፤ ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቁጠር። ሲገፋ ረዳቱ ከፊተኛው ፉርጎ ቀድሞ ከሐዲዱ ጎን ይሂድ እንጂ ከኋላ አይከተል።

የሚፈታ ፉርጎ የእጅ ፍሬኑ ተጠምዝዞ ከሁለቱም ወገን የብረት ታኮ ይደረግበታል። የባህር ዛፍ ቁራጭ ታኮ አይሆንም፤ እርጥብ ሐዲድ ላይ እግሩ እየገፋው ይሄዳል። ግቢው ከዋናው መስመር በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ያመለጠ ፉርጎን ከሐዲድ የሚያወጣ ማሳቻ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቀመጥ።

ከዚያ ወሰን አልፎ ያለ ፈቃድ መሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሐዲዱ ውስጥ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ጅረት አማካይነት ባቡር መኖሩን የሚያውቅ የምልክት ሥርዓት በጎማ የቆመን ቀላል ተሽከርካሪ ላያየው ይችላል፤ ለተቆጣጣሪው መስመሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሽቦ ከተዘረጋበት ክልል በታች ደግሞ ፉርጎ ላይ መውጣት፣ ሸራ መግለጥ ወይም የክሬን ክንድ ማንሳት አይቻልም፤ 25 ኪሎ ቮልት ሳይነኩትም ይዘላል። የሽቦው ወሰን መሬት ላይ በቀለም ይሰመር፤ የጎታቹ መቀመጫ አጠገብም ይለጠፍ።

አንድ ሐዲድ፣ በቀን ሁለት ሦስት ፉርጎ፣ ከ0.25 በመቶ ያልበለጠ ተዳፋት ላለው መጋዘን ባለ ባትሪውን ገፊ እንመርጥለታለን። በቀን ከአራት እስከ ስምንት ፉርጎ ሁለትና ሦስት ሐዲድ ላይ ለሚያከፋፍል የብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የቢራ ፋብሪካ የጭነት መኪና ላይ የተሠራው ከነአየር ፍሬን መቆጣጠሪያው ይሻላል፤ በክረምት ሦስት ሦስት ፉርጎ እያደረገ ይመላለስ። ተዳፋቱ 0.5 በመቶ የሚደርስ ከሆነ ወይም ስድስቱን በአንዴ ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ፣ ለዚሁ ብቻ የተሠራውንና ቢያንስ 27 ቶን የሚመዝነውን ባለ ጎማ ይግዙ፤ ገንዘቡ ካልደረሰ ግን ትንሹን ገዝቶ ከመታገል ሐዲዱን ማስተካከል ይቀድማል።